ብልቃጦቹ ያደሩበት ሌሊት

ሄይካ በመስከረም ሞተ፣ ሐይቁ ገና ሳይጠጥር፤
ሞተሩን ትቶልኝ ሄደ፣ ምን እንደሚጠጣ ሳይናገር።

ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ይህ የበረዶ ሞተር፤
ቢጫ ቀለሙ ለቆ፣ ወንበሩ በአጋዘን ቆዳ ተጠግኖ፣
መብራቱ በሽቦ ታስሮ፣ አንዱ መንሸራተቻ መንምኖ፣
ጋራዡ ጥግ ቆሟል፣
እንደ ባለቤቱ ዝም ብሏል።

ዘይቱን በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት፤
ቀይ ይሁን ሰማያዊ፣ ዕድሜ አጥቁሮታል፤
ኩላንቱም አረንጓዴ ነበር ይሉታል፣
አሁን የረግረግ ውሃ መስሏል።

ልጄ ኒላ ከኦሉ ደወለ፤
«እማ፣ ውዱን ግዢ፤ ሲንተቲኩን» አለ፣
«ጭሱ ትንሽ ነው፣ ፒስተን አያጠቁርም፤
በዘይት ላይ ሰው አይቆጥብም።»
ባለሱቁ ቬይኮ ደግሞ ቆርቆሮውን እያገላበጠ፣
«አሮጌ ሞተርና አሮጌ ሆድ አንድ ነው» አለኝ፣
«የለመደውን ስጪው።»
የለመደው ምንድን ነው?
እሱን የሚያውቀው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተኝቷል፣
ላዩ ላይ በረዶ ተከምሯል።

እንግዲያው ሌሊቱን ልጠይቅ አልኩ።
አምስት የጃም ብልቃጥ አጠብኩ።
በአንዱ ርካሹን ዘይት፣ በአንዱ ውዱን ቀዳሁ፤
በሦስተኛው ሁለቱን ቀላቀልኩ፤
ኒላ ቢያየኝ ይጮህ ነበር።
በአራተኛው ኩላንቱን እንዳለ፣
አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይነካው፤
በአምስተኛው ግማሽ ከግማሽ፣
ከፋርማሲ በገዛሁት የተጣራ ውሃ።
(የጉድጓዳችን ውሃ ዝገት አለበት፤ ሻይ እንኳ ያጠቁራል።)
ክዳናቸውን ገጥሜ በመስኮቱ ደፍ ደረደርኳቸው፣
ለጥር ብርድ አደራ ሰጠኋቸው።
ስተኛ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ነበር።
እንቅልፍ የወሰደኝ ስንት ላይ እንደ ሆነ አላውቅም፤
ግድግዳው ሲንቋቋ ሰምቻለሁ፣
አልጋው በወዲያ በኩል እንደማይሞቅ አውቃለሁ።

በጥር ጠዋት የሚባል ነገር የለም፤
ባትሪ ይዤ በጨለማ ወጣሁ።
ርካሹ ዘይት ብልቃጡን ብዘቀዝቀው እንቢ አለኝ፤
ውዱ ወረደ፤ እያዛጋ፣ ግን ወረደ።
ድብልቁ እንደ ተበላሸ ወተት ቋጥሮ ጠበቀኝ፤
ለየብቻ ደህና ናቸው፣ አንድ ጣሪያ ግን አይችሉም፤
እንዲህ ያሉ ወንድማማቾች ከወንዙ ማዶ አሉኝ፣
ስማቸውን አልጠራም።

ያ ንጹሑ ግን!
ያ አረንጓዴው፣ ያ ያልተነካው፣
«ብርድ ለእኔ ምኔ ነው» ብሎ የተቀመጠው፣
ወገቡ ተይዞ፣ እንደ ተፈጨ በረዶ ደርቆ አደረ።
ውሃ የገባበትን ዘቀዘቅኩት፤
ያው ሐይቅ የሚያጠጥረው፣ ቧንቧ የሚያፈነዳው ውሃ፤
ኩልል ብሎ ወረደ።
እጄ እስኪደነዝዝ ቆሜ አየሁት።
ሄይካ ሊጠይቀኝ የመጣ ቀን
«ይሄ ሰው ውሃ ነው» ብላኝ ነበር እናቴ፤
ያኔ መልስ አጥቼ አቀረቀርኩ።
ብልቃጧን ባሳየኋት።

ውዱን ዘይት መረጥኩ፤ ለኒላ ብዬ ሳይሆን ስለ ወረደ።
አሮጌውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አወጣሁ፣
ቱቦውን በቤንዚን አጠብኩ፣
ፓምፑ አየር ውጦ እንደ ሆነ ብዬ
ለመጀመሪያው ቤንዚን ትንሽ ዘይት ጨመርኩ፤
ፍርሃት ነው፣ ይሁን።
አፍንጫውን በግንድ ከፍ አድርጌ
የኩላንቱን ብሎን ፈታሁ፤
አረፋው ወጣ፣ ደግሞ ወጣ፣
ለብዙ ጊዜ የታፈነ ትንፋሽ ይመስል ነበር፤
በመጨረሻ ጣቴን አረጠበው። አጠበቅኩት።

ከዚያ ወፍራም እስክሪብቶ ፈልጌ
በክዳኑ ላይ የዘይቱን ስም ጻፍኩ፣
ከሥሩም «ግማሽ ከግማሽ፣ የጉድጓድ ውሃ አይሆንም»።
ኒላ አያነበው ይሆናል።
እኔ ግን ዝም ብዬ አልሄድም።

ጓንቴን አጥልቄ
ገመዱን ያዝኩ።