መሠረቱ ውኃ

ከመጀመሪያው መድኃኒት ቤት ጥጥ ገዝቼ ወጣሁ፤
ከሁለተኛው ፋሻ ይዤ፣ ላብ አጥምቆኝ መጣሁ።
የቆሰለ የለ፣ የታመመ የለ፣
ቤቴ ግን በዚህ ወር ክሊኒክ አከለ።

ፖስታ ቤት ነው የምሠራው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ
የስንቱ ሰው ገመና በእጄ አልፏል፣ እንደ ታሸገ ሁሉ።
የራሴን ይዤ በምሳ ሰዓት፣ ከስታዲየም ፍል ውኃ፣
ምላሴ የቴምብር ጀርባ፣ ጉሮሮዬ በረሃ።

ሙላቱ ማታ እጁን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ
«ደክሞኛል» እለዋለሁ፤ ፊቴን አዞራለሁ ለማይመጣ እንቅልፍ።
ሁለት ዓመት።
ምን ያህል ይደክማል ሰው፣ ቁጭ ብሎ ማኅተም በመምታት?
እሱ ሰለቸኋት አለ። እኔ ሕመሜን ዋጥኩት።
ከአልጋችን መሐል አንድ ሰው የሚያስተኛ ስፍራ ተረፈ፤
ዝምታ ገብቶ ተኛበት፣ ቀለብ ሳንሰፍርለት ገዘፈ።

እናቴ ስለ አበባው መምጣት አንዲት ቃል አልነገረችኝ፤
ስለ መሄዱማ ማን ያስጠንቅቀኝ?
«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ሰው፤
ይኼ በሽታም አይደለ፤ ምን ብዬ ስሙን ልጥራው?

ሦስተኛው ከፍል ውኃ ፊት ለፊት። «ሲትራ» ይላል የልጅቷ ደረት ላይ።
ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ፣ የደም ግፊት ወረቀቱን ይዞ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ፣
በጥቅል መላኪያ ፎርም ጀርባ አንዲት መስመር ጻፍኩ፤
«ደረቅ ነው። ያማል።»
አጠፍኩ፣ ሰጠኋት፣ ምላሽ ጠበቅኩ።

አነበበች። ፈገግ አላለች፣ አልደነገጠች፤
ጎንበስ ብላ አራት ቱቦ መስታወቱ ላይ ደረደረች።
«ኮንዶም ትጠቀማላችሁ?»
«ከሚሌኒየሙ ወዲህ» አልኳት።
ለምን አላለችኝም፤ እኔም አልነገርኳት።

«እንግዲያው ዘይት ያለበት ይቅርብዎ፤ ቫዝሊንም፣ የፀጉር ቅባትም፣ ቅቤም።
ላስቲኩን ሳታዩት ይበላዋል፤ ለገላዎም አይበጅም።»
(ቅቤ! አንድ የጥቅምት ሌሊት ትዝ አለኝ፤
ትራሳችን ሳምንት ሙሉ የሸተተበት። ፊቴ ጋለብኝ።)
«ይኼ እንጆሪ ይሸታል፣ ያሞቃልም ይላል፤
ለጨዋታ ነው እንጂ፣ ለሳሳ ገላ ያቃጥላል።
ይኼ ሲሊኮን፤ ቶሎ አይደርቅም፣ ኪስ ግን ይጎዳል።
ይኼኛው ግን—» ድምጿ ከፍ አለ፤ እኔ ምድር ትዋጠኝ አልኩ—
«መሠረቱ ውኃ ነው።»

መሠረቱ ውኃ።
በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ፣ ፎጣ አንግቶ የተሰለፈውን ሰው።
ይህች ከተማስ ምን ላይ ቆመች?
አንዲት እመቤት ከጋራው ወርዳ ሙቅ ውኃ ወደደች፤
ከዚያ ነው ቤቱ፣ ከዚያ ነው ስሙ፣ ከዚያ ነው መንገዱ።
ለገላ ደስታ የተቆረቆረ ከተማ መሐል ቆሜ
ስለ ገላዬ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ሄዱ።

«ክንድዎ ላይ ጠብ አድርገው ይሞክሩት፤ ካላሳከከ ደግ ነው።
ሲደርቅ ይጨምሩ፣ አይሰስቱ፤ ኋላ በውኃ ይለቃል።
ደም ካዩ፣ ወይ ሕመሙ ካልተወዎ፣ ጋንዲ ይሂዱ።
ችሎ መተኛትን ማን አዘዘዎት?»
ስወጣ ጎልማሳው ጫማውን እያየ
«እኅቴ… ለኔም ያችኑ» ሲላት ሰማሁት።

ማታ ሙላቱ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ዘረጋ፤
እንደ አዋጅ ድምፁን ጠርጎ ያነብ ጀመር አልጋው ጋ፦
«ከሕፃናት እይታ ይራቅ።» ቀና ብሎ አየኝ።
ትንሿ ልጃችን አዳማ ናት፣ ሁለት ወልዳለች።
ያ ሳቅ ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ ጎረቤት ግድግዳ መታ።
ከሳቁ በኋላ፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ ነገርኩት፦
«ደክሞኝ አልነበረም።»

ብዙ ቆየ።
መነጽሩን አወለቀ። እጅጌውን ሰበሰበ።
«እንግዲያው ለኔም» አለ፤ «ብቻሽን አትሞከሪ።»
ጠብ አደረግሁለት፤ ጠብ አደረግሁ።
እንደ ክትባት ተሰላፊ ሕፃናት ክንዳችንን ዘርግተን
አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን፣ ያሳክክ እንደሆነ ብለን።

አላሳከከም።