ገርበብ ያለ በር

የነሐሴ ዶፍ ነው ሲኒማ ያስገባኝ፣
ፊልሙ መች አጓጓኝ።
ደጁ ላይ፣ በረጠበ ወረቀት፣
«የኮሪያ ፊልም ሳምንት፣
መግቢያ በነጻ፣ ባለ ሽልማት»፤
የቱ ሽልማት እንደሆን ቀለሙ ፈስሶ አይነበብም።
የፈረሰው ዶሮ ማነቂያ ጭቃ ሆኖ ተከትሎኝ ገባ፣
ከጫማዬ አይለቅም።

ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው፤ ቆጥሬያለሁ።
ከፊሉ ሹራቡን ያደርቃል፣ ከፊሉ ያንጎላጃል፣
አንድ ጥንድ ከጨለማው ጋር የራሱን ጉዳይ ይዟል።
ዘበኛው ወልደሐና፣ ባትሪውን አጥፍቶ፣
አጠገቤ አረፈ፣ ካፖርቱ ውሃ ጠጥቶ።
«እንግሊዝኛ ታነባለህ?»
«ትንሽ።»
«እንግዲያው ንገረኝ።»

ተራራ። ጭጋግ።
ጣሪያው ጫፉ ላይ እንደ ክንፍ የተቀለበሰ ገዳም።
ራሱን የተላጨ ወጣት ግቢ ይጠርጋል፤
ቅጠሉ ይረግፋል። ይጠርጋል። ይረግፋል።
«ምን አለ?»
«ዝም ነው ያለው።»
«እሱንማ ሰማሁ፤ ከዝምታው ቀጥሎ ነው የምልህ።»

ሽማግሌው መነኩሴ ተናገረ፤
ከሥር የተጻፈውን በሹክሹክታ አቀበልኩት፦
«"የያዝኸውን ልቀቀው" ይላል፣ "እጅህ ይረፍ"።»
ወልደሐና ራሱን ነቀነቀ፦
«አይደለም። አበምኔት እንዲህ አይልም።
"በልተሃል ወይ?" ነው ያለው፤ ፊቱን አታይም?»
ፊደሉ ምስክሬ ነው ብዬ ልከራከር ስል
ልጁ ጎድጓዳ ሳህኑን ስቦ
ሩዙን ይበላ ጀመር።
አፈርኩ።
ከዚያ ወዲያ ትርጓሜውን ለባለቤቱ ተውኩ።

ሌሊት ነው። ልጁ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ
ደፉ ላይ ሦስት ጊዜ ሰገደ፤
በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ቁልቁል ወደ ከተማው፣
ወደ ባቡሩ ጩኸት፣ ወደ አንዲት ሴት ሳቅ ሄደ።
ያን ጊዜ ጎኔ ያለው ሰው ትንፋሹን ዋጠ።

«እኔ ዘግቼው ነው የወጣሁ» አለ፣
«ጅብ እንዳይገባባቸው።
ሃያ ስድስት ዓመት አለፈው።
ቆቡን ግን ይዤው መጣሁ፤
ባለፈው ቤቱ ሲፈርስ
ከአልጋዬ በፊት፣ ከድስቴ በፊት፣
እሱን ነው ያወጣሁ።»

መጨረሻው ላይ ልጁ አርጅቶ ተመለሰ፤
(ወይ ሌላ ሰው ነው፤ ሁሉም ላጭ ራስ፣ መለየት ቸገረኝ።)
በሩ ያኔ እንደተወው ገርበብ ብሏል፣
በረዶ ደፉ ላይ ተከምሯል።
መጥረጊያውን አነሣ፤
ድርግም።
መብራት ጠፋ። በረዶውም፣ ደወሉም፣ ጽሑፉም።
አንዱ ከኋላ አፏጨ፤
ጥንዶቹ ቅር አላላቸውም።

ወልደሐና ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራ፦
«ምን ይላል፤ ገባ? ወይስ ደጅ ቀረ?»
የማነበው አልነበረኝም።
«ጠረገ» አልኩት።

ውጭ ዝናቡ አባርቷል። ከቸርችል ጎዳና ዳር
የጽዳት ሴቶች ጭቃ ይገፋሉ፣
ሚኒባስ ይረጨዋል፣ ይገፋሉ።
ወልደሐና የብረቱን በር ከላይ ወደ ታች እየጎተተ
መሬት ሊነካ ስንዝር ሲቀረው
ተወው።
«ዝገት ነው» አለኝ፣
ምንም ሳልጠይቀው።