ምጥ ሰማያዊ

ከሐምቡርግ ነው አሉ፣ በመርከብ ተጭና፣
በጅቡቲ በኩል፣ በአሸዋው ጎዳና፣
ድሬዳዋ ገባች፤
እዚያ ጡረታ ወጥታ፣ እዚህ ተቀጠረች።
ጎኗ ላይ አንድ ቃል፣ ረጅም እንደ ባቡር፣
ማንም ያላነበበው፣ ማንም የማይሞክር።
እኛ "እትዬ" አልናት፤ ስሙም በዚያው ጸና፣
ጣሪያዋ ላይ ያለው ሰማያዊ ግና
ስም አልወጣለትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሳቢያን ስነሳ፣
ከኋላ ሽማግሌ፣ ትንፋሹ የሳሳ፣
መብራቱን ለኮስኩት። ከዚራ ዛፍ ሥር
ባጃጅ ከባጃጅ ጋር ተያይዞ እንደ ድር፣
ማን ዞር ብሎ ይየኝ!
አንዱ ልጅ ጎኔ መጥቶ "ሙሽራው የት ነው?" አለኝ።
አልፈርድበትም። የሱም ባለ ሦስት እግር
ግንባሯ ሰማያዊ፣ ጭራዋ አረንጓዴ፣
ዓመቱን ሙሉ ሰርግ ናት፤
ድሬ ፀሐይ ስትገባ፣ ቀለም ነው ራቷ።
ሽማግሌው ሆስፒታል ደረሰ።
ዘግይቶ።

እንዳኮረፍኩ አድሬ፣ ደቻቱን ተሻግሬ፣
መጋላ ሮብሌ ዘንድ ሄድኩኝ በማለዳ፣ በእግሬ።
የድሮ መርከበኛ፣ የዛሬ ሽቦ ጠጋኝ፤
"ቀይ አድርግልኝ" አልኩት፣ "ሰማያዊው አስናቀኝ።"

"ዋሪያ፣" አለኝ ሮብሌ፣ ከጉንጩ ቅጠል ሳይለቅ፣
"ቀይ ማለት የት አገር? እስቲ በወጉ ጠይቅ።
ዮኮሃማ ቀይ ነው፤ ቀይ አይተው ዳር ይወጣሉ።
ሐምቡርግ በቀይ ብትመጣ 'ፍሬን ይዟል' ይላሉ።
ሊቨርፑል አንድ ሐኪም፣ አረንጓዴ አብርቶ
ሲበር አየሁትና፣ ልቤ በደስታ ሞልቶ፣
ጫት ጫኝ ነው ብዬ
ሁለት መንገድ ሮጥኩኝ፣ ጫማዬን ጥዬ።
አምፖል ምን ያውቃል? ቀለሙን የሚያውቀው
ዳር የሚወጣው ነው።
አሁን አንተ ንገረኝ፦ በዚህ በኛ አገር
ያለ አንዲት አምፖል፣ ሰው ሁሉ የሚያሳልፈው ማነው?"

ጠፍቶኝ አይደለም ዝም ያልኩት።
ከአወዳይ ቁልቁል የሚወረወረውን አይሱዙ
ግመል እንኳ ያውቀዋል።

ነሐሴ ውስጥ ነበር። የኢፍቱ ምጥ ሁለት ቀን አልፎ፣
ወደ ሐረር ስንወጣ፣ ደንገጎ በጭጋግ ታቅፎ፣
የጅቡቲ ተሳቢ ጭራውን አርዝሞ
መንገዱን ሞልቶታል፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቆሞ።
ሰማያዊዬ ዓለቱን ይልሳል፣ ይመለሳል፤
ሾፌሩ በመስታወቱ ያየዋል። ያየዋል።

ከኋላ አንድ አይሱዙ፣ ጫቱን ድሬ አራግፎ፣
ባዶውን እየጮኸ መጣ፣ ሊቀድመኝ ተጣድፎ።
መስኮቱን አወረደ፦ "ምንድን ነው ይሄ መብራት?"
ምን ልበለው?
ሲስተር ትርሲት ግን ከኋላ ጮኸች፦
"ምጥ ነው! ምጥ!"

ሌላ አልጠየቀም።
ጡሩምባውን ተጭኖ ፊቴ ገባ። ያኔ
ያ ሁሉ ብረት ዳር ያዘ፣ እያየሁት በዓይኔ።
ጭራው ላይ ተሰፍቼ፣ ጭሱን እየማግሁ፣
አወዳይ ቤቱ ነበር፤ አልፎት ሲሄድ አየሁ።
ከደንገጎ ወገብ እስከ ሐረር በር
ሰማያዊው የኔ፣ ጩኸቱ የሱ ነበር።
ስሙን ሳልጠይቀው ዞሮ ተመለሰ።
ልጅቷ ሲነጋጋ ተወለደች፤
ሦስት ኪሎ ከሩብ፣ ቁጡ።

ሮብሌ አምፖሉን አልነካም።
ከአሮጌ አይሱዙ የፈታውን ጡሩምባ
እትዬ ግንባር ላይ አሰረው፣ ለአንድ ዙርባ።

ይኸው አሁን፣ ሰማያዊው ከጥግ ብቅ ሲል
የገንደ ቆሬ ልጆች "ምጥ! ምጥ!" እያሉ
ባጃጁን ይበትናሉ።
ስብራት ብጭን ምጥ ነው፤ ልቡ የደከመ ብጭን፣
ጢሙ የሸበተ ሰው ብጭን፣ ምጥ ነው።
አላረምኳቸውም።

ትናንት ታይዋን ገበያ፣ አንዲት ሴት ጨርቅ ስትመርጥ፣
"የቱን ሰማያዊ?" አላት ባለሱቁ።
"ምጥ ሰማያዊውን" አለችው።
ሳያመነታ
ከላይኛው መደርደሪያ አወረደላት።