አንድ ትሪ

ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ኮምቦልቻ ግላለች፣
አከራዬ ብርዛፍ ደጄ ላይ ቆማለች።
«ልጄ፣ ጾም ተፈታ! አልሰማሽም እንዴ?
ዛሬም ሽሮ ሸተተኝ፤ አመመሽ ወይ ሆዴ?»

አላመመኝም እቴ፤ ሐኪም አልከለከለኝ፣
ንስሐም አልገባሁ፣ ስለትም የለብኝ።
ምስሬን እየለቀምኩ ጠጠር አወጣለሁ፣
ከፈትል ክፍላችን አራት ሰው ጠርቻለሁ፦
ጦይባን፣ አስረበብን፣ ኑርዬን፣ ልጅዓለምን፣
ማሽን ሲቆም እንጂ የማይቀመጡትን።

ሥጋ ከተውኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤
ቅቤም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አብረው ሄዱ።
«ለምን?» ሲሉኝ አንዴ «ለጤናዬ» እላለሁ፣
አንዴ «ተወደደ»፤
ያም ውሸት አይደለም።
ግን አንድ ቀን ከደሴ ስመለስ፣ የሐረጎን ቁልቁለት፣
ከፊታችን አንድ አይሱዙ በሬ ጭኖ ይወርዳል።
ሚኒባሳችን መቅደም አቃተው።
በየኩርባው፣ በርብራቡ መሃል፣ አንዱ በሬ
ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል
እስከ ታች፣ እስከ ኬላው ድረስ ተያየን።
እሱ ምንም አላለም፤ እኔም ምንም አላልኩም።
ይህን ብናገር ኑርዬ ዓመቱን ሙሉ ይስቅብኛል።
ደግሞስ ለእንግዳ ስብከት አይቀርብም፤
ወጥ ነው የሚቀርበው።

ይልቅ ወደ ጓዳ፦
ሱፉን ቀቀልኩና ወቅጬ አጠለልኩት፣
ነጭ ነጭ ሲወርድ «የኔ ላም» አልኩት።
ሽንኩርቱን በደረቅ እስኪቀላ ታግሼ፣
በርበሬ ነሰነስኩ ዓይኔን አስለቅሼ።
ጎመኑ ከደሴ ነው፣ ከሰኞ ገበያ፣
ጉሙ ገና ቅጠሉ ላይ እንዳለ የተገዛ።
ከሽምብራ ዱቄት ዓሣ ቀርጬ ጠበስኩ፤
ቦርከና ያልወለደው፣ መረብ ያልነካው ዓሣ፣
ጭራው ትንሽ የተጣመመ።

ግድግዳው ስስ ነው። ብርዛፍ ቅቤ እያነጠረች፣
ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ በጣሪያው ሥር ሾልኮ
አፍንጫዬ ገባ። ምራቄን ዋጥኩ።
ልዋሽ እንዴ?

አመሻሹ ላይ መጡ። ኑርዬ ጥቁር ፌስታል ይዟል፣
ከበሩ ኋላ ምስማሩ ላይ ሰቀለው፤
«ለድመትሽ ነው» አለ። ድመት የለኝም።
አስረበብም ሌላ ፌስታል፣ እዚያው ምስማር ላይ፤
«ለኑርዬ ድመት ነው» አለ።

ትሪው መሃል ገባ። አምስት እጅ።
ልጅዓለም ጠረጠረች፦ «ቅቤ አለው፤ ተይ እንጂ!»
ኑርዬ፦ «ወላሂ ይሄ ዓሣ እሾህ የለውም!»
አስረበብ አፉ እንደሞላ፦ «ሁዳዴን ሁሉ
ሲያንገሸግሸኝ የከረመ ሽሮ፣ ዛሬ በምን ጣመኝ?»
ብሎ ሱፍ ያራሰውን ጠቅልሎ ኑርዬን አጎረሰው፤
ኑርዬ ጣቱን ነከሰው።

ጦይባ ግን ቁራሿን እንደያዘች ቆየችና፣
«በአዘቦት ሽሮማ መች ተለያየን፣
በዓል ሲመጣ ነው ቢላ የሚለየን» አለች።
«የናንተ ሲታረድ እኔ ቤቴ፣
የእኛ ሲታረድ እናንተ ቤታችሁ፤
ሠርግ ላይ እንኳ ሁለት ድስት፣ ሁለት ድንኳን።
ስምንት ዓመት አንድ ክር ስንቀጥል ኖረን
በበዓል ቀን አንድ ትሪ ስንቀርብ ዛሬ ገና ነው።»
ትንሽ ዝም አልን።
የማሽኑ ጩኸት በሌለበት ዝምታ ከባድ ነው።
«ጨው ግን አንሶታል» አለች።

ሲመሽ ሸኘኋቸው፤ ፌስታሎቹ ከምስማሩ ወረዱ።
በመስኮት ሳይ፣ ከመብራቱ ምሰሶ ሥር
ሁለቱ ቆመው፣ እያንዳንዱ ከራሱ ፌስታል፣
እየተሳሳቁ ይበላሉ።
አልተቀየምኩም። መጋረጃውን ለቀቅኩት።

ዕቃ ሳጥብ በሩ ተንኳኳ፤
ብርዛፍ ናት፣ ሳህኗን በነጠላዋ ሸፍና፣
ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
«ያ ዓሣሽ... ጭራውም ቢሆን አልተረፈም?»