የ«ቀ» ቀለበት

ፊደል የቆጠርሁት በጓሳ ዘንግ ነው፣
ጫፉን የመንዝ ቆፈን እያንቀጠቀጠው።
«ሐ» ብትገለበጥ «ሠ»ን ትመስላለች፣
«ሰ» ቆብ ብትደፋ «ሸ» ነኝ ትላለች፤
«ጸ» እና «ጰ»ማ ከአንድ እናት ናቸው፣
ዛሬም ቀርቤ ነው ለይቼ የማውቃቸው።
«ቀ» ማለት «ተ» ናት፣ ቀለበት ያጠለቀች፤
ለቸኮለ ሰው ግን ያው እንዳላገባች።
የኔታ ወልደ ሐና አይቆጡም ነበር፤
«ዓይንሽ ይቸኩላል፤ እንግዳ ነው፣ ይደር
በያንዳንዷ ደጃፍ» እያሉ ቢመክሩ፣
ዓይኔ ግን አልፎ ነው የሚሄድ ከበሩ።

በዘጠኝ ዓመቴ መሐል ሜዳ ሁሉ
ደብዳቤ ይዞ መጣ፣ «አንብቢ» ነው ቃሉ።
ያን ምሽት የጠራችኝ እትዬ ይመኙሻል
ሱፍ ትፈትላለች፣ ለባና ይሆናል።
ልጇ ሸዋቀና ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣
ሽንኩርት ጫኝ ሆኖ፣ ከብርድ ተሰዶ፣
«ለውድ እናቴ» ይላል። ሰላምታውን አልፌ፣
ሦስተኛው መስመር ላይ ደነቃቀፈ አፌ፤
ላብ የነካው ቀለም ፈሶ ተንጣሎበት
የ«ቀ» ቀለበቷ ጠፍቷል። ሮጥሁበት፤
ጉሮሮዬን ጠርጌ «ጎጆዬ ሞተ» አልሁ።

እንዝርቷ ቆመ። የእሳቱን ድምፅ ሰማሁ።

«ጎጆ ይሞታል እንዴ?» አለች ቀስ ብላ፣
«ተመለሽ፣ ልጄ፣ እስቲ እይው በሌላ
ዓይን።» ኩራዙን ሳብሁ። ጥቁሩ ነጥብ ለካ
ዳር ዳሩ ክብ ኖሯል፣ በምስር ሲለካ።
«ጎጆዬ ሞቀ» ነው! ሚስት አግብቷል ልጇ።
እልል አለች፤ ሱፉ ተበተነ ከእጇ።
ፊደል የማትለየው ፊደሌን አረመች፤
እኔ ቅርጹን ሳይ፣ እሷ ልጇን አየች።

ካሥራ አንድ ዓመት ወዲያ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤
የሱ እጅ አይደለም፣ ከጓደኛው ነው የወጣ።
ሰውየው ቁም ጸሐፊ፣ ፊደሉ ጥርት ያለ፣
ስሙን ካባቱ ጋር ጠርቶ፣ «ሞተ» አለ።

ዓይኔ ያን ማታ አደረ ከአንዲት ፊደል ደጅ፤
ዳር ዳሯን ዳሰስሁት በሚንቀጠቀጥ እጅ፣
ትንሽ ይጎብጥ እንደሁ፣ ምስር ያህል፣ ጥቂት።
ቀጥ ያለ መስቀል ነው፣ የመቃብር ዕንጨት።

እንዝርቷ ቆመ። ሱፉ አልወደቀም።
ፊቴን አየችና «ተመለሽ» አላለችም።