ከቀኝ የሚገለጥ

ሙአዝ ይዞት መጣ፣ ካምፓሱ በር ላይ ኮፒ አስደርጎ፤
የጃፓን ማንጋ ነው፣ ቀለሙ የጠገበ፣ ጠርዙ በሽቦ ተወግቶ።
እኔ ጸጉር ሠሪ ነኝ፣ መርካቶ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጎን።
«ፊልም ልናደርገው ነው፣ ጸጉሩን አንቺ ሥሪልን።»
ከግራ ብጀምር መጨረሻው ወጣ።
ሳቀብኝ፤ «በቀኝ ነው የሚገለጠው» አለኝ።
አፈርኩ። ስድስት ዓመት መድረሳ ተቀምጬ፣
ከቀኝ የሚገለጥ ነገር እንዳለ ረስቼ፣
ፍርሃትን ከጭራው ጀመርኩት፣ ጎትቼ።

ልጅቷ ስም የላትም። ከኮርኒሱ በላይ ትኖራለች።
ጸጉሯ ያድጋል፣ ያድጋል፤ ደረጃ ይወርዳል፣ መስኮት ይዘጋል፣
በሌሊት ሄዶ የጎረቤት በር ያንኳኳል።
ስምንተኛው ገጽ ላይ ጀርባዋን ሰጥታለች።
ስገልጠው—

ዞራለች።

ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። አንድ ስስ ወረቀት፣
በመዞሯና ባለመዞሯ መሀል የጣቴ ግፊት።
እኔው ነኝ ያዞርኳት።
ለዚህ ነው የፈራኋት።

ፈረንጅ አራዳ ባዶ ቤት አገኘን፣ ጣሊያን የሠራው፣
ጣውላው ሲረግጡት የሚያቃስት፣ የሌሊት ወፍ የወረሰው።
ጸጉሩን ከአሥራ አንድ ዊግ ገጣጠምኩት፤
ሦስቱ የሙሽሮች ትራፊ፣
አንድ እፍኙ የራሴ፣ ስወልድ የረገፈው፣ በፌስታል ያኖርኩት።
አፏ ይጥቆር ተባለ፤ ኩሉ አልበቃ አለ።
የአባቴን የሎህ ቀለም አመጣሁ፣ በጥላሸት የተበጠበጠ፤
ቀለሙን ብቻ። ብዕሩን ከመደርደሪያው አላነሳሁም፣
ኃጢአቱ እንዲቀል።

መንፈሷን የሆነችው ቀመሪያ ናት፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪው እህት፤
ዝም ስትል ታስፈራለች ተብላ፣ ዝም አትልም እንጂ።
«ዙሪ» ይላታል ሙአዝ። ትዞራለች። አያስፈራም።
«ቀስ ብለሽ።» ቀስ ብላ። አያስፈራም።
«አንገትሽ ብቻ።» አንገቷ ቀጭ አለ፤
ካሜራ የያዘው ልጅ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ጥቁሩ አገጯ ላይ ወረደ።
የጅማ ዝናብ ደግሞ ድርሰት አያነብም፤
ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሹክሹክታችንን ሁሉ ዋጠው።

ሙአዝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ኮፒውን ያያል።
«እዚህ ነጭ አለ» ይላል፣ በሁለት ሥዕል መሀል
ያለውን ባዶ ስንዝር በጥፍሩ እየነካ።
«ይህን በምን ልቅረጸው?»
ማን ይመልስለት።
የተሳለችዋ ዙሪያዋ ነጭ ነበር፣ ምንም የሌለበት።
በቀመሪያ ዙሪያ ግን ሁሉም ነገር አለ፦
የተሰነጠቀ ጄሪካን፣ የትንኝ መንጋ፣
እግሩን የሰበረ አልጋ።
ወረቀት አያስልም።
ቀመሪያ ታስላለች።

ከሦስት ወር በኋላ ቪዲዮ ቤቱን ለመኑልን፣ ኳስ የሌለበት ማታ።
አግዳሚው ሞላ፤ የሙአዝ እናት ሽክሪያ ከፊት ተቀመጠች።
ጸጉሬ ደረጃውን ወረደ። (ጸጉሬ እላለሁ፣ ይቅር በሉኝ።)
ከዚያ እሷ መጣች፣ ጀርባዋን ሰጠች፣
እኔ ጣቴን ጨበጥኩ፣ የሚገለጥ ነገር ያለ ይመስል፤
ዞረች።

ማንም አልጮኸም።
«ውይ! የሰው ልጅ!» አለች ሽክሪያ በጨለማ፣
«በባዶ እግሯ እኮ ናት! በዚህ ዝናብ! እናት የላትም?»
አንዱ ምላሱን መጠጠ፣ ሌላው «ምስኪን» አለ፤
ቤቱ በሙሉ አዘነላት።
ሙአዝ ሹራቡን ፊቱ ላይ ስቦ ወጣ፤
ሲያለቅስ ነው ሲስቅ፣ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ቤት ገብቼ ኮፒውን አወጣሁ፣ ከቀኝ ገለጥኩት፣
ስምንተኛው ጋ ስደርስ ጣቴን አቆምኩት።
ጀርባዋን ሰጥታለች፣ እንደ ፊቱ።
ከታች ግን፣ ከቀሚሷ ጫፍ፣ ጸጉሩ ባልደረሰበት፣
ሰዓሊው ሁለት ትንንሽ ተረከዞች አስቀምጧል፤
በሁለት ጭረት።
ያን ሁሉ ጊዜ ሳገላብጥ አላየኋቸውም።

ገጹን አላዞርኩትም።
ነገ ቀመሪያ ሹሩባ ልትሠራ ትመጣለች፤
ካልሲ ልገዛላት ነው።