የግራው ቁልፍ

ማክሰኞ ማለዳ፣ የቆሻሻው መኪና ሳንደስኪ ሳይደርስ፣
ፒካፔን ይዤ እወጣለሁ፣ በየመንደሩ ቀስ።
በየደጁ ቆሟል አንድ እግሩ የጎደለ፣
ደረቱ ላይ በተለጠፈ ወረቀት «በነፃ» ያለ፣
ክዳኑ የዛገ፣ ጎማው የወለቀ የጋዝ መጥበሻ ሁሉ፤
ባለቤቶቹ በመጋረጃ ስንጥቅ «ወሰደው፣ ወሰደው» ይላሉ።
ይበሉ።
ሰው የጣለውን ማንሣት ነውር ቢሆን ኖሮ
የኩሽኔታ ፋብሪካው የጣለኝን እኔን
ማን ሊያነሣኝ ነበር በዚህ ኑሮ?

መጀመሪያ መፍታት ነው። ብሎኑ በዝገት ተጣብቆ እምቢ ሲል
ዘይት አጠጥቼ አሳድረዋለሁ፤
በጉልበት ከጠመዘዙት አንገቱ ይቀነጠሳል እንጂ
መች እሺ ሊል።
ከክዳኑ ሆድ እንደ ቆዳ የሚላጠውን ጥቁር ቅርፊት
ገዢ ሁሉ «ቀለሙ ለቀቀ» እያለ ይሸሸዋል በፍርሃት።
ቀለም አይደለም እኮ። የስንት ቅዳሜ ጭስ ነው፣ የስንት ቋሊማ ስብ፣
አንዱ ባንዱ ላይ ደርቆ፣ ድርብ በድርብ።
እሱን በመፋቂያ። ፍርግርጉን በሽቦ ብሩሽ።
ክርኔ እስኪዝል።

ከቱቦው ውስጥ ደግሞ ሸረሪት አለች።
የጋዝ ሽታ ይስባታል ይላሉ፤ እኔ እንጃ፣ ብቻ አለች።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል፣
አንበሳውን አላየሁም፤
አንዲት ድር ብቻዋን እሳት አስራ፣ ወደ ኋላ መልሳ
የጎረቤቴን ቅንድብ ስትበላ ግን አይቻለሁ።

ኋላ የሳሙና አረፋ በየመገጣጠሚያው እቀባለሁ፤
አረፋው ካበጠ ጋዙ ያመልጣል፣ እንደገና አጠብቃለሁ።
አርባ ዶላር ለዕቃ፣ የሁለት ቀን ወገብ፤ መቶ ሰማንያ ይሸጣል።
ሚስቴ ጌይል ሰዓቱን ታሰላና «በረዶ መጥረግ ይሻላል» ትላለች፤
አልተሳሳተችም፣ ይሻላል።

ባለፈው ሰኔ ሎርና ፔትሪክ ጠራችኝ፣ ከሐይቁ ዳር፤
ባሏ ቨርን ካረፈ ሰባት ወሩ። የእሱን ግሪል
ሸጠችልኝ፣ በአሥራ አምስት ዶላር።
«ቦታ ያዘብኝ» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረች፤
መኪናው ላይ ስጭነው
ፊቷን ወደ ውሃው መልሳ ነበረች።

እኔም ሠራሁት። እንደሱ አሳምሬ የሠራሁት የለም፤
ክዳኑ ላይ ጥርሴን ብቆጥር ይቻለኝ ነበር።
አራቱንም ቁልፎች በአዲስ ቀየርኩ፤
የአሮጌዎቹ ቁጥር ጠፍቷል፤ የግራውማ
የአንድ አውራ ጣት ጉድጓድ ወጥቶበታል።

በሦስተኛው ሳምንት መጣች፤ «ሳትሸጠው ደረስኩ?» አለች።
ክዳኑን ከፈተች። ራሷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ቆየች።
«የሎሚ ሳሙና ይሸታል» አለች።
አልተቆጣችም። የአየር ሁኔታ እንደሚነግሩ፣ እንዲያው ነገረችኝ።

ምን እላለሁ? የሃያ ሁለት ዓመት ቅዳሜያቸውን ጠርጌ፣
በጥቁር ፌስታል አስሬ፣
ማክሰኞ ደጅ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤
እያፏጨሁ፣ ሙያ አድርጌ።

«ቆይ» አልኳት።
ጌይል የምትረግመው አመል አለኝ፤ ምንም ነገር አልጥልም።
ከመደርደሪያው የቀለም ቆርቆሮ አወረድኩ፣
ከብሎን፣ ከሞላ፣ ስሙን ከማላውቀው ኮተት መሃል
የግራውን ቁልፍ አወጣሁ።
አውራ ጣቷን ጉድጓዱ ላይ አኖረች። ሰፋት።
«ሁሌ ያሳርር ነበር» አለች።
«ሃያ ሁለት ዓመት 'ቀንሰው' አልኩት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጨመረው።»
ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ።
ቁልፉን ካፖርቷ ኪስ ከታ ሄደች።
ግሪሉን አልወሰደችም።

ኀሙስ ዕለት ከቶሊዶ የመጡ ወጣቶች ገዙት።
«የማን ነበር?» አሉኝ።
«ሥጋ የሚያሳርር ሰው» አልኳቸው፤ አሥር ዶላር አስቀነሱኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለምዶብኛል።
መፋቂያውን ከማንሣቴ በፊት
ክዳኑን ከፍቼ፣ ራሴን አስገብቼ፣ አንዴ አሸታለሁ።
ምን እንደምፈልግ አላውቅም።
ከዚያ እፍቃለሁ።